ያሰርኩትን ጓዝ ፈታሁት

ለምወድሽ ልጄ ለሰርካለም፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? ሆድሽ መቼም ገፍቷል፤ ከባድ ነገር እንዳታነሺ። ባልሽ በፍቃዱስ ደኅና ነው? የአዳማ ሙቀት አላስጨነቀሽም? እኛ ለጊዮርጊስ ምስጋና ይድረሰውና ደኅና ነን። አባትሽን ሳላቸው ለቀቅ አድርጓቸዋል። ጉልበቴ እንደ ልማዷ ብርዱ ሲጠና ታጉረመርማለች፤ ለምጃታለሁ።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ ብቻ አይደለም። በስልክ ብነግርሽ ታለቅሻለሽ፤ አንቺ ስታለቅሺ እኔ አልችልም፣ ሐሳቤን ታስለውጪኛለሽ። ስለዚህ ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ ወደ አዳማ ጠቅልለን አንመጣም።

አውቃለሁ፣ ክፍሉን ቀለም አስቀብተሽ፣ አልጋ አስገብተሽ ስትጠብቂን ነው የከረምሽው። ነገሩንም ያፋፋምኩት እኔው ነኝ። «እዚህ ብርድ ላይ ምን ቀረን? ልጄ አጠገብ ሆኜ ጉልበቴን ፀሐይ ላሙቀው» እያልኩ አባትሽን ስነዘንዛቸው ከረምኩ። በመጨረሻ ለእኔ ሲሉ «እሺ፣ አንቺ ካልሽ» አሉ። አፋቸው እሺ ቢልም ፊታቸው እሺ አላለም። እኔም አይቼ እንዳላየሁ ሆኜ ጓዙን ማሰር ጀመርኩ።

እንደምታውቂው ደብራችንን የሚያገለግሉት ቀሳውስት አባትሽና ቄስ አምባቸው ብቻ ናቸው። በአንድ ቄስ ደግሞ ቅዳሴ አይገባም። አባትሽ ሄዱ ማለት ጊዮርጊስ ያለ ቅዳሴ ቀረ፣ ሰዉም ልጁን ለማስጠመቅ ገደሉን ተሻግሮ ሌላ ደብር ሊሄድ ነው ማለት ነው። አላውቅም ነበር አልልሽም። እግዜር ሌላ ቄስ ያመጣል ብዬ ነው የተውኩት።

ጎረቤታችን ሙሐሲን እንኳ ሰምቶ መጣ። አባትሽን ሲያማቸው በቅሎውን ጭኖ እስከ ደብሩ በር የሚያደርሳቸው እሱ አይደል? «ወላሂ እትዬ ይርገዱ፣ እናንተ ክርስቲያኖቹስ ሌላ ደብር ትሄዳላችሁ፤ እኛ ስንጣላ ማን ያስታርቀናል?» አለኝ። «አብሽር፣ አዳማም ስልክ አለ» ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀልኝም።

ያለፈው እሑድ አባትሽ ሕዝቡን ሊሰናበቱ ነበር። በዚያው ቀን የታችኛው ሰፈሯ የአልታዬ ልጅ አርባው ሞልቶ ክርስትና ይነሣ ነበር። እኔም ዱላዬን ተመርኩዤ ሄድኩና ከሴቶቹ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አባትሽ ሲያጠምቁ አየኋቸው። ልጄ፣ ቤት ውስጥ መነጽራቸው ጠፍቷቸው «ይርገዱ፣ የት አደረግሽው?» እያሉ የሚጣሩት ሰውዬ፣ ያን ሕፃን ሲይዙ እጃቸው ንቅንቅ አይልም! ያን ሁሉ ዘመን ነጭ ልብሳቸውን ሳጥብ፣ ለቅዳሴ ሲሰናዱ አብሬ ስጾም የኖርኩት ለዚህ ነበር ለካ። እኔ እኮ የእሳቸው ሥራ ነው ብዬ ነበር፤ ለካስ እኔም ሳላውቀው እያገለገልኩ ኖሬያለሁ።

ቅዳሴው ሲያበቃ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ። «ልጆቼ» አሉና መስቀላቸውን ያገላብጡ ጀመር። አልታዬ ልጇን እንዳቀፈች «አባ፣ የሚቀጥለውን ማን ያጠምቅልኛል?» ብላ ጮኸች። ገና በአርባ ቀኗ! ሰዉ እያለቀሰ ሳቀባት። እኔ ግን አንቺ ትዝ አልሽኝ፤ የአንቺንስ ማን ያጠምቀዋል? ሰው ካልደገፈኝ የማልነሣው ሴትዮ ብድግ አልኩና «እሳቸው ናቸዋ! የትም አይሄዱም!» አልኩ። ጊዮርጊስን! በደብሩ ቅጽር እንዲህ ስጮኽ የመጀመሪያዬ ነው። አባትሽ ዞረው አዩኝና በሕዝቡ ፊት «ጉልበትሽስ?» አሉኝ። «ጉልበቴማ አዳማም ብሄድ አብራኝ ናት» አልኳቸው። እልልታው ቀለጠ።

ቤት ገብቼ ጓዙን ፈታሁት። አባትሽ አጠገቤ ቁጭ ብለው ገመዱን እየጠቀለሉ አለቀሱ። እኔም አላስቻለኝም።

ሰርኬ፣ የእኔ ዓለም፣ አትቀየሚኝ። ናፍቆትሽ አንጀቴን ይበላዋል። ጠቅልዬ አልመጣም አልኩ እንጂ ጭራሽ አልመጣም አላልኩም፤ ቀንሽ ሲቃረብ ጉልበቴን እየጎተትኩም ቢሆን መጥቼ ገንፎሽን አገነፋለሁ። አባትሽ «እስከዚያ ሽሮዬን ራሴ እሠራለሁ» ብለዋል። ሽሮ ማማሰል ከቅዳሴ ይከብዳል ብዬ አስፈራርቻቸዋለሁ። ከዚያ ወንድ ከሆነ ለአርባው፣ ሴት ከሆነች ለሰማንያው፣ አብረን ይዘነው ወደ ደብራችን እንወጣለን።

ለልጄ ለበፍቃዱ፣ እንደ እናት ለያዙሽ ለአማትሽ ለእማማ በዛች ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ቄስ አምባቸው፣ ሙሐሲን ከነቤተሰቡ፣ አልታዬም ከነልጇ ሰላም ብለውሻል። የጉልበት ቅባቱን ግን መላክሽን እንዳትተዪ።

ይህን ሳነብላቸው አባትሽ ቀና ብለው «ዋናው እሷ በሰላም ትገላገልና ልጇን ታቅፋ ትምጣ፤ እኔ ከቦታዬ አለሁ በያት» አሉ።

እናትሽ ይርገዱ
መካነ ሰላም
ጥር 20 ቀን 2012 ዓ.ም.