የማኅደር ፈትል

ይድረስ ለልጄ ለሸዋንግዛው፤ መድኃኔዓለም ከሰው አገር ብርድ ይከልልህ። እኛ ደህና ነን። ገብሱ ዘንድሮ ጥሩ ይዟል፤ የአባትህም ጉልበት ሻል ብሎታል።

እህትህ ማኅደር መምህሯን በድንጋይ ፈንክታ መባረሯን ነግሬህ ነበር። አሁን ዘመሮ ከተማ፣ እንደሷ ላስቸገሩ ልጆች በተከፈተው ክፍል ትማራለች። እዚያ ዱላ የለም፤ ቁጣ የለም። ልጆቹ ሲናደዱ እንዝርትና የበግ ጠጉር ይሰጧቸዋል፤ እስኪበርድላቸው ይፈትላሉ። ያቺ አፏ የማያርፍ ልጅ አሁን "ተቀመጪ" ካላልኳት አትቀመጥም፣ "ብዪ" ካላልኳት አትበላም። ሳያት ይጨንቀኛል።

ለፋሲካ የፈተለችውን በጆንያ ይዛ መጣች። "እንዳትነኪው" አለችኝ። እኔ ግን ያን የመሰለ ፈትል ብል ሲበላው ማየት አልሆነልኝም፤ ለሸማኔው ለጋሽ አባይነህ ሰጥቼ ለብርድ የሚለበስ ወፍራም ባና አሠራሁት። "እንዲህ ያለ ክር አላጋጠመኝም፤ እጄ ላይ ይሞቃል" አሉኝ። ቤት ባነጥፈው ውሻችን ደጅ ቆሞ ሲያላዝን ዋለ። እኔ ሞኟ፣ ያለህበት አገር ብርድ አሳስቦኝ፣ ወዳንተ ለሚመጣ ሰው ሰጥቼ ላክሁት።

ማኅደር ስትሰማ አልተቆጣችም። ፈገግ ብላ "ደግ አደረግሽ እማዬ፤ አብዛኛው የሸዋንግዛው ነው" አለች። ሳትሰናበታት ከሄድክ ወዲህ ስምህን ስትጠራ የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ስልክህ እምቢ ቢለኝ ነው የጻፍኩት። ንዴቷን ሁሉ ፈትሉ ውስጥ ሳትከተው አልቀረችም፤ እባክህ ልጄ፣ ባናውን ሳትለብስ ደውልላት። ትስደብህ፣ ትጩህብህ፤ ዝም ብለህ ስማት።

እመብርሃን ጥላ ትሁንህ። ይህን ስጽፍ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ትፈትላለች።

እናትህ ጥሩሸዋ