ካፖርትህ እኔ ጋ ነው

ይድረስ ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ነህ? እንደው እንዴት ሰነበትክ? ራስ ምታቱ ተወህ? እንቅልፍስ እንዴት ነው? ቤቱስ አይቀዘቅዝም? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከወገቤ በቀር። እሱም ከስፌት መኪናዬ ጋር አብሮ ያረጀ ስለሆነ አልፈርድበትም። «አንቱ» ብዬ ልጀምርልህ ነበር፤ ባለፈው «እኔ ሽማግሌ ነኝ እንዴ?» ብለህ ስለተቆጣኸኝ ትቼዋለሁ።

በስልክ ባወራህ ይሄ ሁሉ ወረቀት አይባክንም ነበር። ግን አንተ ስልክ ላይ ሰው አይደለህም። «ደህና ነኝ፣ አንቺስ ደህና ነሽ፣ በይ ቻው።» በቃ! እህቴ ካረፈች ወዲህማ (ባለቤትህን ከእህት ለይቼ አይቻት አላውቅም) ስልኩን የምታነሳው ለመዝጋት ነው የሚመስለኝ። ደብዳቤ ግን እንዲህ በቀላሉ አይዘጋብኝም።

ካፖርትህ ደርሶኛል። ጎረቤትህ ለሥራ ሲመጣ ሱቄ ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ። «ሁለት ቁልፍ ወልቆበታል፣ ስትተክይው ላኪልኝ» ብለሃል አሉ። ስለ ካፖርቱ እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ ግን አንድ ወሬ ልንገርህ።

ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው ፎቅ ላይ አንድ ጡረተኛ የአውቶብስ ሾፌር ይኖራሉ። ሰፈሩ ጋሽ ፍሬን ይላቸዋል፤ በሥራ ዘመናቸው ፍሬን ሲይዙ የኋላው ተሳፋሪ ፊት ደርሶ ይቀመጥ ነበር አሉ። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው። እኚህ ሰው በየጊዜው አንድ ሸሚዝ ይዘውልኝ ይመጡ ነበር። ሁሌ የሚወልቀው አንድ ቁልፍ ነው፤ ቁልፉንም ሁሌ በኪሳቸው ይዘውት ነው የሚመጡት። አንተ ታውቃለህ፣ የወለቀ ቁልፍ ወይ መንገድ ላይ ወይ አልጋ ሥር ይቀራል እንጂ ኪስ ውስጥ ገብቶ ባለቤቱን አይጠብቅም። እኔ ግን ያኔ አላስተዋልኩም።

«ጋሽ ፍሬን፣ ሸሚዙን ይለብሱታል ወይስ ይታገሉታል?» ስላቸው፣ «ሆዴ እኮ ነው የኔ ልጅ፣ ፍሬን አልይዝ አለኝ» ይሉኛል። ሆድ የላቸውም እኮ! ሲባጎ የመሰሉ ሰው ናቸው። ቁልፍ መትከል ደግሞ ምን ጊዜ ይፈጃል? ምንም። እሳቸው ግን ስለ አውቶብሳቸው ማርሽ፣ ስለ ዳገቱ፣ ሲሸኟት ሁሌ ስለምታለቅስ አንዲት ተሳፋሪ እያወሩ ረፋዱን እኔ ጋ ያሳልፉታል። እኔም በመኪናዬ እየሰፋሁ «እሺ፣ ከዚያስ?» እላቸዋለሁ።

አንድ ቀን አሳዘኑኝ። ጉልበታቸውን ይዘው ነው ደረጃውን የሚወርዱት፤ ለአንድ ቁልፍ ለምን ይመላለሳሉ ብዬ፣ «ያሉዎትን ሸሚዞች በሙሉ ያምጡልኝ» አልኳቸው። ጫማ ሰፊዎች የሚሠሩበትን በሰም የታሸ ክር ገዝቼ፣ እያንዳንዱን ቁልፍ ደራርቤ ተከልኩት። «በሉ፣ ከእንግዲህ ሸሚዙ ያልቃል እንጂ ቁልፉ ንቅንቅ አይልም። እኔ ጋ ከመመላለስ ገላገልኩዎት!» አልኳቸው፣ ደረቴን ነፍቼ። ሸሚዞቹን አቅፈው፣ «ተባረኪ» ብለውኝ ሄዱ። ሄዱ ስልህ፣ ሄዱ። ደብዛቸው ጠፋ። እኔ ደግሞ ቂሏ፣ «አይ የኔ ሥራ፣ እንዴት ጠንካራ ነው!» እያልኩ ስኮራ ከረምኩ።

አንድ ጠዋት የጤና ጣቢያችን ነርስ መጣች። ቀሚስ ልታስጠብብ መስሎኝ ሜትሬን አነሳሁ። «ዛሬስ ለልብስ አይደለም እትዬ» አለችኝ። ለካ ጤና ጣቢያው አዲስ አሠራር ጀምሯል፤ ብቻቸውን የሚኖሩትን ሰዎች ደም ግፊታቸውን እንደሚለኩ ሁሉ «ሰሞኑን ከማን ጋር ተጫወቱ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሳቄ መጣ። «ሲስተር፣ ይሄ የሐኪም ጥያቄ ነው የጎረቤት?» አልኳት። እሷ ግን አልሳቀችም። ብቻውን የሚውል ሰው መድኃኒቱን ይረሳል፣ ምግብ ያስጠላዋል፣ እንቅልፍ ይሸሸዋል፣ ልቡም ይደክማል፤ እኛ ልቡን እናክምና ብቸኝነቱን አስይዘን ወደ ቤቱ እንመልሰዋለን፤ እሱም ይዞት ተመልሶ ይመጣል አለችኝ።

ጋሽ ፍሬን ሲጠየቁ መልሳቸው ሁልጊዜ «ከልብስ ሰፊዋ ጋር» ነበር አሉ። ሌላ ሰው ጠርተው አያውቁም። አሁን ከቀጠሯቸው ሲቀሩ ሲስተር ቤታቸው ብትሄድ ግፊታቸው ጣሪያ ነክቷል፣ ኪኒኑም አልተነካም። «ልብስ ሰፊዋ ጋስ አይሄዱም?» ብትላቸው፣ «ምን ብዬ? ሁሉንም አጠናክራልኛለች» አሏት።

ወንድም ጋሼ፣ የኪሳቸው ቁልፍ ነገር ያኔ ገባኝ።

ሱቄን ዘግቼ አብሬያት ወጣሁ። በሩን ሲከፍቱልን በእጃቸው ፀጉራቸውን ለማስተካከል ሞከሩ። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ የታጠበች አንድ ሳህን፣ የተደፋች አንድ ብርጭቆ። ጠረጴዛው ላይ አንዱ ሸሚዝ ተዘርግቷል፣ ከጎኑ ትንሽዬ የጥፍር መቀስ አለች። ያ በሰም የታሸ ክር አልቆረጥ ብሏቸው፣ መቀሱ ስቶ ጨርቁን ቀዶታል። ቁልፉ ግን እንደተተከለ ነው። ሸሚዙን በጋዜጣ ሊሸፍኑት ሲሉ ቀደምኳቸው። «ኧረ ይሄ የኔ ጥፋት ነው! ክሩ ከጨርቁ በርትቶ ቀዶታል። ነገ ይዘውት ይምጡ፤ በጥንቃቄ የሚጠገን ስለሆነ ግን ጊዜ ይፈጃል» አልኳቸው።

«ብዙ ጊዜ ይፈጃል?» አሉኝ።

«በጣም ብዙ» አልኳቸው። ሲስተር ጀርባዋን ሰጥታን የልብ ማዳመጫዋን ቦርሳዋ ውስጥ ስትፈልግ ቆየች፤ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ እያለ።

ከዚያ ወዲህ ሱቄን ብታየው አታውቀውም። ቁርጥራጭ ጨርቅ የምቆልልበትን ጥግ ለቅቄ አግዳሚ ወንበር አስገባሁ፤ ሲስተር ናት የጠየቀችኝ። ፀጉር አስተካካዩንም እንደዚሁ ጠይቃዋለች። ብቻቸውን የሚውሉትን ወደኛ ትልካቸዋለች፤ የሚጠገን ያለው ይዞ ይመጣል፣ የሌለው ባዶ እጁን። ወሬ ስለማታቋርጥ ሬዲዮ የምንላት ጎረቤቴም አትቀርም። ከጋሽ ፍሬን ጋር ነጋ ጠባ ጭቅጭቅ ነው። «ይሄ ጠባሳ የእርስዎ ፍሬን ነው!» ብላ ግንባሯን ታሳያቸዋለች። «መያዣውን በያዝሽ፤ ወሬ ነበር የያዝሽው» ይሏታል። ኪኒናቸውን እኛው ፊት ነው የሚውጡት፤ ሬዲዮ ውሃ ስታቀብላቸው «ይኸው የፍሬን ዘይትዎ» ትላቸዋለች። ግፊታቸው ወርዷል፣ ምላሳቸው ወጥቷል።

እንግዲህ ወደ ካፖርትህ። ሁለቱን ቁልፎች የውስጥ ኪሱ ውስጥ በወረቀት ተጠቅልለው አገኘኋቸው። ካፖርቱን ወደ መስኮቱ ይዤ ሄድኩና የነበሩበትን ቦታ በብርሃን አየሁት። ያረጀ ክር ሲበጠስ ጫፉ ይንጨባረራል፤ በመቀስ ሲቆረጥ ግን እኩል ይሆናል። ይሄን ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ እናታችን መርፌ እንዳልነካ ስትከለክለኝ ከበሩ ጀርባ ደብቀህ ክር ማስገባትና ቁልፍ መትከል ያሳየኸኝ አንተ ነህ። ስለ ካፖርትህ ክር ግን ምንም አልልህም። ጋሽ ፍሬንም አገላብጠው አዩት። አቧራውን አራገፉለት፣ መልሰው ሰቀሉትና፣ «ወንድምሽ ከየትኛው መናኸሪያ ነው የሚሳፈረው?» ብቻ አሉኝ።

ስለዚህ ካፖርቱን አልልክልህም። ከስተህ ከሆነ የቁልፉ ቦታ መቀየር አለበት፤ ለብሰኸው ሳላይ እንዴት እተክለዋለሁ? የድሮው ምልክት እያለ ምን ልኬት አስፈለገ እንደምትለኝ አውቃለሁ። ልክ ነህ። ቢሆንም ና። የምታድርበት ክፍል አለ፤ ልጄ አግብታ ከወጣች ወዲህ ለኔም ቤቱ ሰፍቶብኛል፣ ራቴን ቆሜ መብላት ጀምሬያለሁ። ጋሽ ፍሬን መናኸሪያ ድረስ መጥተው ይቀበሉሃል። «ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ መያዣውን ይያዝ በይው» ብለውሃል።

ስለ ቁልፎቹም አታስብ፤ በቀጭኑ ክር ነው የምተክላቸው።

ፈጣሪ መንገድህን ያቅናልህ፣ ጉልበትህን ያበርታልህ፣ እስክንገናኝ ከብርድ ይጠብቅህ፤ ካፖርትህ እኔ ጋ ነውና።

በርህን ማንኳኳት የማይሰለቻት
ታናሽ እህትህ