የሣህሊቱ ፀጉር

ለወንድሜ ለአስናቀው፣ መፋዛ

ጤናህ እንደምን ሰነበተ? እኛ እዚህ ኡም ጋርጉር የስደተኞች መጠለያ ደህና ነን፤ ዝንቡም ከእኛ በላይ ደህና ነው።

መምህርት የሺመቤት ከእርዳታ ካርቶን ለሕፃናቱ የሥዕል መጽሐፍ እየሠራች ነው። እያንዳንዱ ሕፃን የራሱ ገጽ አለው፤ መልኩን አይቶ "ይህ እኔ ነኝ" ይላል። እኔ ከሰል አቀብላታለሁ፤ ዞር ስትል ለአንዳንዱ ጢም እጨምርለታለሁ።

ታዲያ ሰሞኑን ሕፃናቱን ሁሉ ለቅማሉ ብለው ላጯቸው። እህታችን ሣህሊቱ በሥዕሉ መላጣ ራሷን ስታይ "ይቺ እኔ አይደለሁም!" ብላ ጮኸች።

"ዱባ መስለሽ ነው?" አልኳት።

"ሰው የሚላጨው ለለቅሶ ነው። ማን ሞተብኝ?"

"ቅማልሽ!" ብዬ ወላሂ በሳቅ ፈረስኩ። እናታችን ግን አልሳቀችም። ከአንተ ጋር መፋዛ ለአጨዳ የሄዱት እነደመቀ ያለ አንተ ከተመለሱ ወዲህ ሳቅ አታውቅም።

የሺመቤት የሣህሊቱን እጅ ይዛ ራሷን አስዳሰሰቻት። "ይኸው፣ እየበቀለ ነው። የለቅሶ አይደለም" አለቻትና በሥዕሉ ላይ ነጠብጣብ ፀጉር አበቀለችላት። ሣህሊቱም አየችውና "አዎ፣ ይቺ እኔ ነኝ። አሁን አስናቀውን ከጎኔ ሳዪልኝ" አለች።

አንተን የምስል እኔ ነኝ ብዬ የአህያ ጆሮ ሠራሁልህ። ጠባሳህ ላይ ስደርስ እናታችን በቀኝ ጉንጩ ነው አለች፤ እኔ በግራ ነው አልኩ። በየትኛው እንደሆነ ጻፍልን። ሌላ ሰው አይጻፍልህ፤ ያንን ጠማማ ጽሕፈትህን እናታችን በዓይኗ ማየት ትፈልጋለች።

የሁላችንም ሰላምታ ይድረስህ።

የምትናፍቀው ታናሽህ ጋረደው