ሰላምታ ከዋጋ በፊት

ለሚዜዬ፣

ከሥራሽ እንድትነሺ የሚጠይቀውን ማመልከቻ አለቃችን ጋሽ ፈቃደ ትናንት ራሳቸው እዚህ አገና ድረስ ይዘውት መጡ። ከእኔ በቀር ሁሉም ፈርመውበታል።

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ ተሻለሽ? ሃይሚ አዲሱን ትምህርት ቤት ለመደችው? ባለቤትሽስ ሥራ አገኘ ወይስ ቤቱ አሁንም በአንቺ ደመወዝ ብቻ ነው የቆመው? እኔ ጌታ ይመስገን አለሁ፤ ሐዘንተኛ አለሁ እንደሚለው። ደጋግመሽ ደውለሽ ነበር፤ አይቼ ነው ያላነሳሁት። ከለቅሶው ወዲህ ከሥራው የቴሌግራም ግሩፕም ወጥቻለሁ። ይህን ወረቀት የቡታጅራው ሚኒባስ ሾፌር ያደርስልሻል።

ማመልከቻውን ያረቀቀው የመጋዘን ኃላፊው ይታገሱ ነው። «ሁሉም ነገር በቴሌግራም ይነገር ብላ ያስገደደችን እሷ ናት፤ ባልደረባችን የአባቷን መርዶ ከስልክ ያነበበችው በእሷ ምክንያት ነው» ይላል። መልእክቱን የጻፈው ራሱ ይታገሱ መሆኑን ግን አይልም።

ግሩፑን ስትከፍቺ የተቃወምኩ እንዳይመስልሽ። ቀድሞ እኛ በየገበያው ያለን ቡላ ገዢዎች ጠዋት ጠዋት ወደ ቡታጅራ እየደወልን ነበር ዋጋ የምንቀበለው። የቡኢው ገዢ የሰማውን እኔ አልሰማም፤ እኔ የሰማሁትን እሱ አይሰማም። አንቺ አስተባባሪ ሆነሽ መጣሽ፤ የቡላ ጆንያ ላይ ተቀምጠሽ እያንዳንዳችንን በትዕግሥት አስተማርሽ። «በጎን የሚባል ነገር ቀረ። ለአንዱ የሚነገር ለሁሉም ይነገራል» አልሽ። ሠራም። መሥራቱን አልክድም።

ሚዛን ተቆጣጣሪያችን ጋሽ አብዱልሃፊዝ ግን ፈተኑሽ። ድምፅ መላክ ካሳየሻቸው በኋላ «አሰላሙ አለይኩም፤ የቡኢ ሰዎች እንዴት ናችሁ፤ የይታገሱ ጥርስ ዳነ ወይ፤ ቡታጅራ ዘነበ ወይ» እያሉ ሁሉንም አዳርሰው ነበር ወደ ዋጋው የሚመጡት። ይታገሱም «ጋሼ፣ ጥርሴስ ድኗል፤ የእርስዎ ዋጋ እስኪደርስ ግን ቡላው ተበልቶ አለቀ» እያለ ያስቀን ነበር። አንቺ «ጋሼ፣ እባክዎ ዋጋውን ያስቀድሙ» ስትያቸው፣ «ልጄ፣ ዋጋውን ካስቀደምኩ ሰላምታዬን ማን ይሰማዋል?» አሉሽ። ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም ሳቅሁ።

ያን የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ሚዛኑ አጠገብ ነበርኩ። አንዲት ሴት ቡላዋን አስመዝና ዋጋ ትጠብቃለች። ስልኬ ጮኸ። ዋጋ መስሎኝ ከፈትኩት። «የአገናዋ ባልደረባችን አባት ስላረፉ ነገ ሊነጋጋ ሲል ለመርዶ መኪና ከመጋዘን ይነሳል» ይላል። ከሥሩ የሚያለቅሱ ፊቶች ተደረደሩ። ደግሜ ላነብ ስል መልእክቱ ከነለቅሶው ጠፋ። ሴትዮዋ «እሺ ስንት ሆነ፣ እቱ?» አለችኝ።

ደወልኩልሽ። የአባቴን ስም ጠርቼ ጠየቅሁሽ። «ይታገሱ ተሳስቶ ነው፤ የሌላ ሰው አባት ናቸው። እህል ቅመሺና ተኚ» አልሽኝ።

አመንኩሽ። የቀረውን ጆንያ መዘንኩ። ራት በላሁ። ከመተኛቴ በፊት ተንበርክኬ፣ የሞተው የሌላ ሰው አባት ስለሆነ ጌታን አመሰገንኩ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንቺ ግን ተናገርኩ፤ እወቂው ብዬ።

ሊነጋጋ ሲል ወንድሜ ኢዮብ ሽማግሌዎቹን ይዞ በሬን አንኳኳ፤ አንቺም ከኋላቸው ነበርሽ። ነገሩን በኋላ ከኢዮብ ሰማሁ። አባታችን ቡኢ እንዳረፈ ወንድሜ አስቀድሞ የደወለው ላንቺ ነው፤ «ባሏ ቤት የለም፤ ብቻዋን ናት፤ እስኪነጋ እንዳትሰማ» ብሎሽ። አንቺ መኪና እንዲያዘጋጅ ለይታገሱ ነገርሽው። እሱም እንዳስተማርሽው አደረገ፤ ለአንዱ የተነገረውን ለሁሉም ነገረ።

ስለ መልእክቱ ሁሉም ጠይቆኛል። ስለ ስልኩ የጠየቀኝ የለም፤ የምናውቀው አንቺና እኔ ብቻ ነን። እኔን ያቆሰለኝ ደግሞ ያ የስልክ መልስሽ ነው። ይታገሱ ስቶ ነው፤ አንቺ አስበሽ ነው። ለሁሉም ይነገር ያልሽው አንቺ፣ ለሁሉም የተነገረውን ከእኔ ብቻ የደበቅሽው አንቺ። በሠርጌ ቀን እናቴ «አደራ፣ አታታልሏት» ብላ እጄን የሰጠችው ላንቺ ነበር።

ጋሽ አብዱልሃፊዝ ያን ማታ ለምን ብቅ እንዳላሉ ጠይቄያቸው ነበር። ግሩፑን እንዳነበቡ ጎረቤቶቼን ይዘው መጥተው፣ ከአጥሬ በር እንደተመለሱ ነገሩኝ። ማን እንደመለሳቸው አልጠየቅሁም። ሌሊቱን ዝናብ ሲጥል ነበር ያደረው። ጠዋት ከመኪና የወረዱት ሽማግሌዎች ልብሳቸው ደረቅ ነበር። ያንቺ ነጠላ ይጨመቅ ነበር፤ ጫማሽም እስከ ቁርጭምጭሚትሽ ጭቃ ነበር። እያለቀስኩ አይቼዋለሁ።

ሥራው ቀጥሏል። ጋሽ አብዱልሃፊዝ አጠገቤ ሆነው ድምፅ ሲልኩ እሰማለሁ። አሁን ዋጋውን ብቻ ይናገራሉ፤ ሰላምታ የለም፤ የማንም ጥርስ አይጠየቅም። ተምረውልሻል።

ጌታ ቤትሽን ይጠብቅ። ሃይሚን በጥበብና በሞገስ ያሳድግልሽ። ወገብሽን ከብርድ ጠብቂ፤ ውጭ አትቁሚ።

ጋሽ ፈቃደ ወረቀቱን ትተውልኝ ሄደዋል። ሚዛኑ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ሐሙስ ገበያው ሲበተን መጥተው ይወስዱታል።

ሙሽራሽ