ከታፈሰ ጋር በአንድ ጀልባ

ሰኞ

እሱ ነው። አልተሳሳትኩም። ዛሬ ጠዋት ጀልባው ላይ ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ታፈሰ ነው። ወፍሯል፤ ጢሙንም ተላጭቷል። ድምፁ ግን ያው ነው። ጀልባ ጎታቹን አባ ተማምን «ሽማግሌው፣ ቀስ በል እንጂ!» ሲላቸው ሰማሁት።

ጅማ፣ ወንድሜ የታሰረበት ቀበሌ በር ላይ ዘብ የሚቆመው እሱ ነበር። የዛሬ አራት ዓመት። ወንድሜ ደረጀ ከታሰረ ጀምሮ ምሳ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። በአስራ ሰባተኛው ቀን ምሳውን ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት መለሰልኝ። «ከእንግዲህ አታምጪ፣ አያስፈልገውም» አለኝ። ለምን ብዬ ስጠይቀው በጥፊ አጮለኝ። በቃ። ሬሳ አላየን፣ የት እንዳለ የነገረን የለም።

አሁን ጓድ ታፈሰ ሆኗል። እዚህ ወንዙ ማዶ የቡና ግዢ ተቆጣጣሪ ተደርጎ ተመደበ አሉ። አላወቀኝም። «የጤና ጣቢያዋ ድሬሰር አንቺ ነሽ?» ብሎ ፈገግ አለልኝ። «አዎ» አልኩ። አዎ!  ቀኑን ሙሉ በራሴ ስበሽቅ ዋልኩ።

ማክሰኞ

ድልድዩን ክረምት ላይ ጎርፍ ከወሰደው ወዲህ ማዶ የምንሠራ ሁላችን በጀልባ ነው የምንመላለሰው። ጀልባ ይሉታል እንጂ ባዶ በርሜሎች ላይ ሳንቃ የተመታበት ነገር ነው። ከዳር እስከ ዳር የተወጠረ የብረት ገመድ አለ፤ አባ ተማም እሱን እየሳቡ ያሻግሩናል። መስከረም ስለሆነ ግቤ ገና ሞልቶ ቡናማ ሆኖ ይወርዳል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ውብ ነው እል ነበር።

ዛሬ አንድ ነገር አየሁ። ታፈሰ ውሃ ይፈራል። በሁለት እጁ ሳንቃውን ጨምድዶ፣ ዓይኑን ጫማው ላይ ተክሎ ነው የሚሻገረው። ዋና አይችልም።

ቁስል እያጠብኩም፣ መርፌ እየቀቀልኩም ሳስብ የዋልኩት ይህንን ነው፦
ማመልከቻ መጻፍ። ለማን? ለእነሱው?
ታሞ ሲመጣ በመርፌ። አይ። ሙያዬን በእሱ አላረክስም።
መግፋት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወንዙ መሃል።

ረቡዕ

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሆን ብዬ። ትከሻው ትከሻዬን ይነካ ነበር። መሃል ስንደርስ እጄን ከጀርባው አደረግኩ። እሱ ዘወር ብሎ «እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፣ ክኒን አይኖርሽም?» አለኝ። «የለንም» አልኩት። ሞልቶናል። ትንሽ ደስ አለኝ። ግን አልገፋሁትም፤ በወዲያኛው ጎኑ ሕፃን ያዘለች ሴት ነበረች። ብገፋው አብራው ውሃ ትገባ ነበር።

ከሥራ ስመለስ አባ ተማም ሰው ሁሉ እስኪወርድ አቆዩኝ።
«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ጠዋት እጅሽን አይቻለሁ። ምን አድርጎሽ ነው?»
ነገርኳቸው። ለአራት ዓመት ለማንም ያልተናገርኩትን ወንዝ ዳር ቆሜ ዘረገፍኩት። ገመዱን አስረው ወደ እኔ ዞሩ።
«ዋላሂ፣ እሱ ከሞተ ወንድምሽ የት እንዳለ ማንን ትጠይቂያለሽ?»
ይህንን አላሰብኩም ነበር።
«ነገ ገበያው በእኛ በኩል ነው። ጠዋት ከአንቺና ከእሱ በቀር ወደ ማዶ የሚሻገር ሰው የለም» አሉ። «የኔንም ልጅ ለጦርነት ወስደው የት እንዳደረሱት አልነገሩኝም።»

ሐሙስ



ሦስታችን ብቻ ነበርን። ወንዙ መሃል አባ ተማም የጀልባውን ማሰሪያ ብረቱ ገመድ ላይ ጠመጠሙና ቆሙ።
«ምንድነው?» አለ ታፈሰ።
«ልጅቷ ጥያቄ አላት» አሉት።
ተነሳሁ። «የደረጀ እህት ነኝ። ምሳ የመለስክብኝ። የት ነው ያለው?»

መጀመሪያ አላስታውስም አለ። ቀጥሎ አሳስራችኋለሁ አለ። ከዚያ እጁ ወገቡ ላይ ወዳለው ሽጉጥ ሄደ። አባ ተማም እጃቸውን ከገመዱ ላይ ሳያነሱ፣ «ተኩስ። ከዚያ ማን ያሻግርሃል?» አሉት። እጁ ወደ ሳንቃው ተመለሰ።

እኔ እግሬን ከፍቼ ጀልባውን ከቀኝ ወደ ግራ ማወዛወዝ ጀመርኩ። ውሃው ጫማው ድረስ ገባ። ጮኸ። እንደ ልጅ።
«እኔ በረኛ ነበርኩ! ትዕዛዝ ነው!»
«የት ነው?»
«ወደ የቡ ከተማ መንገድ... የቡ ሳይደረስ፣ አሮጌው ወፍጮ ቤት ጀርባ። ስድስት ሆነው ነው የተቀበሩት።»

አባ ተማም ማሰሪያውን ፈቱ። እኔ ግን ከነገረኝም በኋላ አንድ ጊዜ ደግሜ አወዛወዝኩት። በኃይል። አስመለሰው። ደስ አለኝ። ይህንን ለሰው አልናገርም፤ እዚህ ግን ልጻፈው፣ በጣም ደስ አለኝ።

ሲወርድ ወደ ኋላው አላየም።

ዓርብ

ቅያሪ ልብሴን በቦርሳ ከትቼ ነው ሥራ የገባሁት። ሊወስዱኝ ይመጣሉ ብዬ። አራት ሰዓት ላይ መኪና ከበር ሲቆም ቦርሳዬን አነሳሁ። ክትባት ይዞ የመጣ ሾፌር ነው።

ታፈሰ ጀልባው ላይ አልነበረም። የቡና መጋዘኑ ዘበኛ ሲስቅ ነገረኝ፤ ጓዱ ዛሬ በጭነት መኪና በላይኛው ድልድይ ዞሮ፣ ጭቃ ለብሶ እኩለ ቀን ላይ ነው የደረሰው። ይዙር። ዕድሜ ልኩን ይዙር።

አባ ተማምን «እርስዎስ አይፈሩም?» አልኳቸው። «ጓዱ ውሃ ፈርቼ ጮህኩ ብሎ ለማን ሄዶ ይናገራል?» አሉኝ። እውነት ነው? ይሁን እንጂ ቦርሳዬን አልፈታሁም።

ቅዳሜ

ከሰኮሩ በአውቶቡስ ጅማ ገባሁ። እናቴን ሰቶ ሰመሮ ካለው ቤታችን ይዤ ወደ የቡ። መንገድ ላይ ምንም አልጠየቀችኝም። ያወቀች ይመስለኛል።

ወፍጮ ቤቱ ፈርሷል። ጀርባው ላይ በእሾህ የታጠረ ቦታ አለ። አንድ ገበሬ ከቡናው ውስጥ ወጣ። ምን ልበለው? ታፈሰ ዋሽቶኝ ቢሆንስ? አፌን ሳልከፍት ሰውየው እናቴን አየና «ስድስት ናቸው» አለ። «ከብት እንዳይረግጣቸው እኔ ነኝ ያጠርኩት። የሚመጣ ሰው ስጠብቅ ነበር።»

እናቴ ቁጭ አለች። አፈሩን በመዳፏ ዳበሰችው። ከዚያ አራት ዓመት ሙሉ ያፈነችውን ጩኸት ለቀቀችው። «ደረጀ! ደረጀዬ!» ገበሬው አብሯት አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። የታፈሰን ፊት ነበር የማየው።

እሁድ

ቤታችን ሰው ሞልቷል። እናቴ ማንንም ሳታስፈቅድ ለቅሶ ተቀምጣለች። ክርስቲያኑም እስላሙም ጎረቤት መጣ። የቀበሌ ሰው ግን እስካሁን ብቅ አላለም።

ዛሬ ከሰዓት እንባዬ መጣ፤ ሽንኩርት ስከትፍ።

ልቤ ረክቷል? አልረካም። አንድ ጉድጓድ አግኝቻለሁ፤ ያስቆፈሩት ግን ቡና ይመዝናሉ፣ ደመወዝ ይበላሉ። ጌታ ይቅር በይ ይልሻል ትላለች የክርስትና እናቴ። ይበለኛ።

ነገ ወደ ሥራ እመለሳለሁ። ታፈሰ ሊያሳስረኝ ይችላል፣ ላያሳስረኝም ይችላል። ጥቁር ልብሴን ለብሼ ነው የምሄደው። ይየኝ።