ኑግ የጠጣ ፔርኖ

ጥር 14

ዛሬ ሁለት የቀርከሃ ወንበር ተሸጠ። አንዱን የገዛው ሰውዬ ቁጭ ብሎ ደጋግሞ ተወዛወዘበት... አልተንቋቋም። ተመስገን።

አመሻሽ ላይ ልጄ ቤዛዊት ሳይክሏን ፊቱን አንስታ እየገፋች መጣች። ቁልቁለቱ ላይ ጉድጓድ ገብታ ወድቃለች። ክርኗ ተላጠ እንጂ ደህና ናት። የፊት ቸርኬው ግን ዝናብ እንደመታው ካርቶን ተጣሟል። እኔ እሷን አይቼ ሳመሰግን፣ እሷ ለቸርኬው ታዝናለች። በክትባት ዘመቻ ሠርታ የገዛችው ማውንቴን ሳይክል ነው። ባሕር ዳር ደውላ አዲስ ጎማ ከነቸርኬው አዘዘች።

ጥር 16

ጎማው በሚኒባስ መጣ። አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን መግጠም፣ ሌላ ምን አለው ብዬ ነበር...

ለራሴ እንዲገባኝ ልጻፈው። የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የሚይዙት ሁለት እግሮች ናቸው። ፔርኖው፣ ረጅሙ ባለጥርስ ዘንግ፣ በአንዱ እግር ይገባል፣ በጎማው መሃል ያልፋል፣ ሌላው እግር ላይ በጥርስ ይታሰራል። እሱ ካልወጣ ጎማው አይወጣም። አልወጣም። ቁልፉን አጥብቄ ብጠመዝዝ ቁልፉ የሚገባበት የፔርኖው ባለማዕዘን ቀዳዳ ተበልቶ ክብ ሆነ። አሁን ቁልፉ ባዶውን ይዞራል።

እራት ላይ ነገሩን ነገረችኝ። ለእንስሳት ጤና ሥራዋ ምረጪ ብለው ሁለት ቦታ ሰጥተዋታል። አንዱ እዚሁ እንጅባራ፣ ጠረጴዛ ላይ። ሌላው ከጫግኒ ወዲያ ቆላ፣ ከመንደር መንደር እየዞሩ ከብት ማከም... እሱ ግን የራሱ መጓጓዣ ላለው ሰው ብቻ። ረቡዕ መልስ ትሰጣለች።

"ሳይክሉ ከተሠራ እሄዳለሁ። ካልተሠራ እዚሁ ነኝ" አለች።

ልቧ የቱ ጋ እንዳለ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። አይዞሽ፣ እናወጣዋለን አልኳት። ይሄን ያለው አፌ ነው። ሆዴስ ምን አለ?

ጥር 17

በያጁ እንየው ጋ ወሰድኩት። ነካካው፣ ነቀነቀው፣ መጨረሻ ላይ አሸተተው።

"ጋሽ ይኸነው፣ ይሄ ነገር ወጥ ወጥ ይሸታል። ምንድን ነው የሚቀቡት?"

የኑግ ዘይት፣ አልኩት። በየቅዳሜው። ራሴ ያስጨመቅሁት ንጹሕ ዘይት።

"ታዲያ ሽንኩርቱን ለምን ነፈጉት?"

በዙሪያው ያለ ሰው ሁሉ ሳቀ። ጎረቤቴ ማናለብሽም ከመንገዱ ማዶ ስታልፍ ሰምታ በአዊኛ አንድ ነገር ጣል አደረገች። ስለ ጾመኛ ሳይክል ነው። ወደ አማርኛ ባመጣው ሳቁ ይቀራል።

እንየው ቀልዱን ሲጨርስ እጁን ጠረገ። በእሳት አልነካውም አለ፤ እግሮቹ አሉሚኒየም ናቸው፣ ይበላሻሉ። ፔርኖውን መቁረጥ ይቻላል፣ ግን ጥርሱ ያለበት እግር አብሮ ይሄዳል። እንዲህ ያለ እግር ደግሞ እዚህ አይገኝም።

እየገፋሁ ስመለስ ቀለል ብሎኝ ነበር። ለምን ቀለለኝ?

ጥር 18

ቅዳሴ ላይ ቆሜ ስለ ፔርኖ አሰብኩ። ይቅር በለኝ። እንዳይወጣ ለመንኩህ እንዴ? በቃል አልለመንኩም። አንተ ግን ልብን ታያለህ...

ጥር 19

ወንበር ስቀባ ዋልኩ። ቀርከሃውን በኑግ ዘይት አሻለሁ፣ ፀሐይ ላይ አቆመዋለሁ። ሲደርቅ እንደ መስታወት ያበራል፣ በጥፍር ቢፍቁት አይለቅም። ዕድሜዬን የሠራሁት ሥራ። ድንገት ጨርቁ እጄ ላይ ቆመ።

እንዴ... ዘይቱ ያው ዘይት አይደል? ፔርኖውን የያዘው ዝገት አይደለም። እኔ ነኝ። በየቅዳሜው፣ በፍቅር።

ብቻዬን ሳቅሁ። ደብሪቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "አንተ እኮ የወደድከውን ነገር አሽተህ አሽተህ ነው የምትጨርሰው" ትለኝ ነበር። ሚስት ታውቃለች።

መድኃኒቱንም አውቀዋለሁ። የተበላሸ ቅብ የማስለቅቀው በነጭ ጋዝና በሙቅ ጨርቅ ነው። እንየው ይሄን አያውቅም። ቤዛዊትም አታውቅም። ዝም ብል ማን ያውቃል?

እራት ላይ ዝም አልኩ። "አመመህ እንዴ?" አለችኝ። አይ፣ አልኳት።

ጥር 20

ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ተሳልሜ ተመለስኩ። ጉልበት ብቻ ለመንኩ።

ቤዛዊት ወጥታለች። ሳይክሉን ገለበጥኩት። ፔርኖውን በሁለቱም ጫፍ ነጭ ጋዝ አጠጣሁት። ቆይቼ፣ ጨርቅ በፈላ ውሃ እየነከርኩ እግሩን ጠቀለልኩት፤ ሲቀዘቅዝ እንደገና። በተበላው ቀዳዳ ደግሞ ትንሽ የሚወፍር ቁልፍ ሞርጄ በመዶሻ ሰካሁበት። ነከሰ። ጠመዘዝኩ። እምቢ። ሙቅ ጨርቅ። እምቢ።

ማናለብሽ በአጥሩ ብቅ ብላ "ወገቡን ነው ያመመው?" አለችኝ። ስስቅ ጉልበቴ ሁሉ ፈሰሰ።

እሷ ስትሄድ ራሴን ጠየቅሁ። ይኸነው፣ ያለህ ጉልበት ይሄ ብቻ ነው? ወይስ እየቆጠብክ ነው?

እየቆጠብኩ ነበር።

ተነስቼ በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት። እንደ ጥጃ ጮኸና ዞረ። ቡናማ ሙጫ የመሰለ ነገር ለብሶ ወጣ... የኔው ቅብ። ወልውዬ፣ ጥርሱን ግራሶ ቀብቼ አዲሱን ጎማ ገጠምኩ። ግራሶውን የሰጠኝ እንየው ነው። "ይሄ ለወጥ አይሆንም" ብሎ አስጠንቅቆኛል።

ቤዛዊት ስትመጣ በሩ ላይ ቆመች። ጎማውን አየች፣ እኔን አየች። መጥታ ጋዝ ጋዝ የሚለውን እጄን ሳመችው።

ጥር 21

ማርያም ናት። ቤዛዊት ቢሮ ሄዳ "ጫግኒ" ብላ መጣች።

ለመድኃኒት ሣጥኗ ከሳይክሉ ኋላ መጫኛ ልሠራላት አሰብኩ። ወፍራሙን ቀርከሃ መረጥኩ።

የካቲት 9

መዶሻዬን ስፈልግ ዋልኩ። ቆላ ለወረደችው ቤዛዊት ደወልኩላት፤ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነገረችኝ፣ መዶሻው እሷ ጋ ነው። ምን ሊያደርግልሽ? አልኳት። "እንጃ፣ ደስ ብሎኝ ነው" አለች።

ዛሬም ሻይ ለሁለት ሰው አፈላሁ። ማናለብሽን በአጥሩ ጠራኋት። ጠጣች፣ ስኳር አነሰው ብላ ሄደች።

የካቲት 23

ጫግኒ ሄድኩ። ምን ዓይነት ሙቀት ነው... ከመኪና ስወርድ ጋቢዬን አጥፌ ያዝኩት። ቤዛዊት በሳይክሏ መጥታ ትጠብቀኛለች። ጠቁራለች። ተውባለች ደግሞ።

ባጃጅ እንያዝ ስላት መጫኛውን መታ መታ አደረገችው። "የሠራኸውን አታምነውም?"

በዚህ ዕድሜ... ሰው ምን ይላል? ወጣሁ።

መንደሩ መግቢያ ላይ ሙሐባው የሚባል ገበሬ አስቆመን። በሬውን ያዳነችለት ሰው ነው።

"ዶክተር፣ ዛሬ ደግሞ ምን ጭነሽ መጣሽ? በሽተኛ ነው?"

"መጫኛውን የሠራው ሰውዬ ነው" አለችው።

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ቀርከሃውን ዳበሰ፣ ከዚያ እጄን ጨበጠኝ። ልጅዎን አንመልስልዎትም አለኝ። ልመልሳት አልመጣሁም፣ አልኩት። እውነቴን ነበር? ...አዎ። እውነቴን ነበር።

ከዚያ አቀበቱ መጣ። ስታለከልክ ሰማኋት። ቀርከሃው ግን ድምፅ የለውም።

"ልውረድልሽ?" አልኳት።

"ቁጭ በል፣ አባዬ።"

ቁጭ አልኩ።