የአናጢው ግራ ጎን

እህት ዓለም፣ ፖስት ካርዷ ጠባብ ናትና አንዱን ብቻ ላውራሽ። ባለፈው ሰሞን እዚህ ከክሊኒካችን ለሥልጠና በተላክሁበት ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ ክፍል ጥግ ይዤ ሥራቸውን ሳይ፣ ትከሻውን የሚያመው አናጢ ከሚስቱ ጋር ገባ። ክንዱ ደህና አድርጎ ወደ ላይ ይወጣል። እኛ ብንሆን «ድነዋል፣ በሰላም ይግቡ» ብለን በሸኘነው! ባለሙያዋ ግን «ሕመሙ ምን አስቀረብዎ?» አለችው።

አንገቱን ደፋ። «በግራ ጎኔ መተኛት። ጀርባዬን ስሰጣት ያኮረፍኩ ይመስላታል። ቦታ እንቀያየር ስላት ደግሞ ግድግዳ ሥር አልተኛም ትላለች።»

ከዚያ ወዲያ ሕክምናው ሁሉ ለዚያ ጎኑ ሆነ፤ ትራስ አደጋገፉን ሳይቀር አስተማረችው። ዛሬ ሲመለሱ ክንዱን ከመለካቷ በፊት ዞራ ሚስቱን «እንዴት ነው?» አለቻት።

«ምን እንዴት አለው! ማንኮራፋቱ ጆሮዬ ሥር መጣ።»

«እንግዲህ አሁን ድነዋል» አለችው እየሳቀች።

ቦታዬ አለቀ። የክፍላችንን ልጆች ሁሉ ሳሚልኝ። ጉልበቷን የምናክማት አክስትሽ ስትመጣ ምን እንደቀረባት ጠይቂልኝ፤ እስካሁን የጠየቅናት የት እንደሚያማት ብቻ ነው።